ባልዲ ያረፈበት

ከሊማ ዳርቻ፣ ሣር ከማያበቅል ከአሸዋ ተራራ፣
ቤቶች ተደራርበው፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ፣ ጣራው በላይ ጣራ።
ዝናብ አይዘንብበት፤ ግንቦት ላይ የገባ ጭጋግ ብቻ አለ፣
እስከ ጥቅምት ድረስ ከሸራው፣ ከጣውላው፣ ከሳንባ የዋለ።
ውሃ በቦቴ ነው። ቦቴው ከታች ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል፤
ከዚያ በኋላማ ዳገቱ በባልዲ፣ በጉልበት ይገፋል።

ማይራ መጣች አንድ ቀን፤ የዲግሪዋ ቀለም ገና ያልጠፋ፣
ንድፏን ዘረጋች መሬት፣ በአራት ድንጋይ ይዛ፣ ነፋስ እንዳይገፋ፤
ቀጥ ያለ ደረጃ፣ ከታች እስከ አናቱ፣ እንደ ክር የጠራ፣
ሦስት መቶ እርከን፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚያምር ሥራ።

ሳቱርኒና አጎንብሳ አየችው፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ያንን ዳገት ወጥታ፣ በተረከዟ ጽፋ።
«ቆንጆ ነው» አለች፤ «ግን የሳልሽው እጁ ባዶ ለሆነ መንገደኛ፤
ቀጥታው ይገድላል ሁለት ባልዲ ይዘን ለምንወጣ ለኛ።
ነገ በማለዳ ነይ። ወረቀቱን ተይው። ጫማሽን ቀይሪ።
ከኋላችን ሆነሽ፣ መሬት መሬት እያየሽ፣ ቁጠሪ።»

ቆጠረች።
ባልዲ ባረፈበት አሸዋው ላይ እርጥብ ክብ ይቀራል፤
ትንሽ ይቆይና መሬቱ ይጠጣዋል፣ ይደርቃል።
አንዱ ክብ ከኤሌውቴሪዮ ደጅ፣ ውሻው ከማይጮኽበት፤
አንዱ ከአለቱ ሥር፣ ቶማሳ ባልዲውን ከቀኝ ወደ ግራ ከምታዞርበት፤
አንዱ ከመታጠፊያው፣ እርጉዞች ወገባቸውን ይዘው ባሕር ከሚያዩበት።
አንድ ቦታ ግን ባዶ ነው፤ ለማረፍ ቢመችም ማንም አይቆምበት።
አልጠየቀችም።
ኋላ ነገሯት፤ ልጅ ነው የወደቀበት።

አሥራ አራት ክቦች። ንድፉ ተቀደደ፣ ተሣለ እንደገና፤
ያ ቀጥ ያለው ክር እንደ ደግ ሽማግሌ ሆነና፣
በየደጁ ቆሞ፣
«ደኅና አደራችሁ?» እያለ ወጣ፣ ተጣሞ፣ ተጣሞ።

እሑድ ፋዬና ነው፦ የእኛው ደቦ፣ ስሙ ብቻ ሌላ፤
የቀረ ይቀጣል፤ ድንጋይ ያልተሸከመ ሾርባውን አይበላ።
አሮጌ ጎማ ደረደሩ፣ አፈር ጠቀጠቁ፣ ዳገቱ እንዳይናድ፤
ለየማረፊያው ጥላ ቀርከሃ ቆረጡ፣ በገመድ ሊማገድ።

ከደጋ የመጡ ናቸው፤ ጭቃ ማቡካት፣ ማገር ማሰር ያውቃሉ፤
ከተማ የገቡ ለት ግን እጃቸውን ታጥበው «አናውቅም» ያሉ።
«ጭቃ የድሃ ነው፤ ብሎኬት ይሁንልን» አለ ዊልመር ተቆጥቶ።
ኤሌውቴሪዮ ሳቀ፤ ቀርከሃውን ወዘወዘ፣ በጭቃ እጁ አንሥቶ፦
«ምድር ስትነቃነቅ፣ ድርቅ ብሎ የቆመ ይሰበራል፤
ቀርከሃ በጭቃ የተመረገ ግን ጭፈራ ያውቃል፣ አብሮ ይዞራል።»
ዊልመር አላመነም። ግን ገባ ጭቃው ውስጥ፣ ሱሪውን ሰብስቦ።

ከአናቱ መረብ ዘረጉ፤ ጭጋጉ ሌሊት ሲመጣ ተያዘ እንደ ዓሣ፤
ጠብ ጠብ ብሎ በርሜል ሞላ፤ የማረፊያው ችግኝ ራሱን አነሣ።

ሲያልቅ፣
ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ሰውዬ ሪባኑን ከታች ቆረጠ፤
ሽቅብ አየና፣ ሰዓቱን አየና፣ መኪናው ውስጥ ሰመጠ።

ሁሉ አልሆነም። ፍሮይላን አጥሩን ግማሽ ሜትር አለቅም አለ፤ ዛሬም አልለቀቀም፤
እሱ ደጅ ሲደርሱ ጠባብ ነው፣ የሬሳ ሣጥን በጎን ካልሆነ አያልፍም።
ውሃውም ያው በቦቴ ነው። ያው ጥሩንባ፣ ያው ባልዲ፣ ያው ክብ፤
አሁን ግን የሚያርፈው ከጥላ ሥር፣ ከሰው አጠገብ።

ማይራ እዚያ ቦታ፣ ልጁ ከወደቀበት፣ መቀመጫ አልሳለችም፤
የብረት መደገፊያ ብቻ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገረችም።
ከባሕር የሚመጣው ጨው በልቶት፣ ብረቱ ሁሉ ዝጎ ቡናማ ሆኗል፤
እዚያ ጋ ክንድ የሚያህለው ግን፣ መዳፍ ሲጠርገው ኖሮ፣ እንደ ማንኪያ ነጥቷል።

እኔም ሳልፍ ያዝሁት።
ቀዝቃዛ ነበር።